ስፌቱ አልተተረተረም

ደሬ፣ የኔ ሰው፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሞላህ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ ወሬ ጠፍቶ አይደለም። ለሞተ ሰው መጻፍ ጤና የጎደለው ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የምነግረው ሰው ያጣሁለት ነገር አለ። ለጎረቤት ባወራው ሐሜት ይሆንብኛል። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ገና ግማሹ ላይ ሳለሁ «ይቅር በይ ልጄ» ብለው አስቆሙኝ። አንተ እስከ መጨረሻው ታዳምጠኛለህ። በሕይወት ሳለህ እንዲህ ሳታቋርጠኝ ብታዳምጠኝ እንዴት ጥሩ ነበር!

ሌላም ሰው እንዲያነበው ስለምፈልግ የምታውቀውንም ጨምሬ እጽፈዋለሁ፤ አትሰልች።

የቤቱን ላስቀድም። መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን አራት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ፣ የጽድ ዛፉም ተቆረጠ። አሁን በረንዳው ላይ ስቀመጥ ከአስፋልቱ ጋር ፊት ለፊት ነን፤ የኮተቤ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ምን እንደምበላ ያያል። የጉርድ ሾላውን ሱቅ ዘግቼ የስፌት መኪናዬን ወደ ቤት አምጥቻለሁ፤ ጉልበቴ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት እንቢ አለኝ። ደንበኞቼ አልተዉኝም፣ የተማሪ ዩኒፎርም የሚያሰፉት በተለይ። ሰርቪስ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ለምን ባዶ እንደሆነ ነው የምነግርህ።

አሥራ አንድ ዓመት ሰርቪስ ቤታችን የሮኬት ክለብ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። የፊዚክስ አስተማሪ ያገባሁ መስሎኝ ቅዳሜና እሑዴን ከቱቦ፣ ከሙጫና ከባሩድ ሽታ ጋር አሳለፍኩት። «መሣሪያም አይደለም፣ መጫወቻም አይደለም፤ ደመና ነክቶ በሰላም የሚመለስ ነገር ነው» እያልክ ወረዳ ሄደህ ስታስረዳ ስንቴ አጅቤሃለሁ። ፓራሹቱ የእኔ ሥራ ነበር። የመጀመሪያውን ከሁለት አሮጌ ጃንጥላ ሰፋሁት። ከካራ በላይ ባለው ሜዳ፣ ገብሱ ታጭዶ ባለቀበት ወቅት፣ ያቺን የክንድ ተኩል ሮኬት ስትለቃት መሬት ላይ በጀርባህ ተጋድመህ ሰማዩን ታያለህ፤ እኔ አንተን አያለሁ። ጥቁሯ ጃንጥላዬ ስትፈታ እንደ ሕፃን እግርህን አንፈራገጥክ። ከሠርጋችን ይልቅ ያን ቀን ነው የማስታውሰው።

አሁን ወደ ናሆም ልምጣ። ታስታውሰዋለህ ወይ ማለት ሞኝነት ነው። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ «እሱን ሰጠን» ትል ነበር። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ መጥቶ መሐንዲስ እስኪባል ከእኛ ማዕድ በልቷል። ቀብርህ ላይ ሰው ደግፎ ያቆመው እኔን አይደለም፣ እሱን ነው። አርባህ እንደወጣ የክለቡ ሰብሳቢ ሆነ። ደስ አለኝ። ከእሱ የተሻለ ማን ነበረን?

በጥቅምት ቤት መጥቶ፣ «እትዬ ሰናይት፣ ለጋሼ መታሰቢያ ትልቅ ሮኬት እንሠራለን። ስሙም ‹ደረጀ› ነው። ፓራሹቱን እርስዎ ካልሰፉት ግን ትርጉም የለውም» አለኝ። አለቀስኩ። ዩኒፎርሙን ሁሉ አስቀምጬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰፋሁት። አሥራ ሁለት ቁራጭ ቀይና ነጭ ናይለን፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሦስት ጊዜ የተመላለሰ። አንዱን ጫፍ በእግሬ ረግጬ ሌላውን በሁለት እጄ እየጎተትኩ ፈተንኩት። እንዲህ ያለ ስፌት ለሙሽራም ሰፍቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ላይ ቤቱ እንደ ድሮው መሰለኝ። ግቢው በብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ተሞላ። ሜሮን አፏን ሸፍና ክንፎቹን ትልጋለች፤ ያቺ በመጨረሻ ጊዜህ ያስገባሃት፣ ከማንም በላይ ትጠይቃለች ያልካት ልጅ። ሌሎቹ ሞተሩን ይመዝናሉ፣ ናሆም ከፍታ የምትለካውን ትንሽ ዕቃ ይበይዳል። ሻይ አፍልቼ ይዤላቸው ስሄድ አንተ ከመሀላቸው ቀና የምትል ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ስፖንሰር መጣ። አንድ የቀለም ነጋዴ ነው። ሮኬቱ በእሱ ቀለም ተቀባ፣ ስሙ ከስምህ በላይ ተጻፈ። ይሁን አልኩ። ቀጥሎ ፎቶህ ተለጠፈበት። የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ? ሆስፒታል ተኝተህ፣ ጉንጭህ ገብቶ፣ አፍንጫህ ላይ ቱቦ እያለ ናሆም በስልኩ ያነሳህ። ያኔ ለማስታወሻ ነው ብሎኝ ነበር። «ናሆም፣ ሌላ ስንት ጥሩ ፎቶ አለው እኮ» ስለው፣ «ይሄኛው ልብ ይነካል፣ እትዬ» አለኝ። ያን ቀን ነበር በሩን መዝጋት የነበረብኝ።

አልዘጋሁም። ዋናው ኃጢአቴ ደግሞ ገና ነው።

ሮኬቱ ሊወነጨፍ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ፓራሹቱን ሲያጣጥፉ ሰርቪስ ቤቱ ገባሁ። አንተ ሁሌ እሳት በማይበላው በዚያ ወፍራም ጨርቅ ትጠቀልለው ነበር። ሮኬቱ ከላይ ሲደርስ ፓራሹቱን ገፍታ የምታስወጣው ባሩድ ናት፤ ጨርቁ ከሌለ ናይለኑን እሳቷ ታገኘዋለች። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ናሆም ጨርቁን አውጥቶ ጥግ ጥሎታል። በቦታው የነጋዴው ስም የተጻፈበት ረጅም ባነር እየጠቀጠቀ ነው፤ ሰማይ ላይ እንዲዘረጋ።

«ያለ ጨርቁ ይቀልጣል፣ ናሆሜ» አለች ሜሮን።

«ባሩዱን ቀንሰናል፣ አይደርስበትም። ለሁለቱ ቦታ የለም» አላት።

እኔም፣ «ደሬ ቢኖር ይሄን አያደርግም ነበር» አልኩ።

ፈገግ አለ። «እትዬ፣ እርስዎ ስፌቱን ይዩልን። ሒሳቡ የእኛ ነው።»

ዝም አልኩ። የሟች ሚስት ነገር አበዛች እንዳይሉኝ፣ መታሰቢያህን እንዳላበላሽ ብዬ። ሜሮንም እኔ ዝም ስል አይታ ዝም አለች። ያን ዝምታዬን ሳስበው ዛሬም ምራቄ ይመረኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ከካራ በላይ ስንወጣ ሜዳው ሠርግ ቤት መስሏል። ድንኳን፣ ጄነሬተር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ካሜራ፣ ሱፍ የለበሱ እንግዶች። አንተ ሳምንት ቀድመህ ከቤት ቤት እየዞርክ፣ በዚያ በተሰበረ ኦሮምኛህ እየሳቁብህ፣ «ቅዳሜ ከብቶቹን ወዲያ ታደርጉልናላችሁ?» ብለህ ትለምን ነበር። ዘንድሮ የተደረገው ቢጫ ሪባን መወጠር ብቻ ነው። ኦቦ ገመቹ፣ ሜዳው ዳር ያሉት ገበሬ፣ ከአጥራቸው በር ቆመው አገኘኋቸው።

«ሰናይት፣ እናንተ ናችሁ ወይስ ሌሎች ሰዎች? ማንም አልጠየቀንም እኮ» አሉኝ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሄጄ ለናሆም ብነግረው ሰዓቱን እያየ፣ «ፈቃድ አለን፣ እትዬ። እንግዶቹ ፀሐይ እየመታቸው ነው» አለኝ።

ቁልቁል ተቆጠረ። ወጣ። ልዋሽህ አልችልም ደሬ፣ ያምር ነበር። ደረቴን አንቀጥቅጦ፣ ቀጥ ብሎ፣ ነጭ ጭሱን እየተወ ከእንጦጦ ጫካ በላይ አለፈ። ሁሉም አፉን ከፈተ። ከዚያ ሩቅ «ጧ» አለና ባነሩ ወጣ። የነጋዴው ስም ሰማይ ላይ ተዘረጋ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ከጀርባው የወጣውን ያየን ጥቂቶች ነን። ቀይና ነጩ ሥራዬ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጣብቆ፣ አንድም ጊዜ ሳይከፈት፣ ሮኬቱ እየጎተተው ወረደ። ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ግንብ የተናደ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ።

ናሆም ማይኩን አነሳና «በሰላም አርፏል!» አለ።

አጨበጨቡ። ኬክ ቀረበ። በክሬም ፊትህ ተሥሎበታል፤ ነጋዴው ቢላውን ግንባርህ ላይ ሰካው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፣ ከሜሮን ጋር ወደ ዛፎቹ እየሮጥን ነበር።

የኦቦ ገመቹ በረት ጣሪያ ተቀዷል። ወተት የምትሰጣቸው ላም፣ ያውም እርጉዝ የነበረች፣ በጎኗ ወድቃ እግሯን ታንፈራግጣለች። ባለቤታቸው አደ ጫልቱ የወተቱን ዕቃ እንደያዙ በሩ ላይ ደርቀው ቀርተዋል። ሮኬቱ ሲወድቅ አልበው ከወጡ አንድ ደቂቃ አልሆናቸውም ነበር። ሮኬቱ ከላሚቱ አጠገብ መሬት ውስጥ ተተክሏል፤ ያ የታመመ ፊትህ ደም ተረጭቶበታል።

ናሆም ከሁለት ሰዎች ጋር ደረሰ። ምን እንዳደረገ ልንገርህ? «ደህና ናችሁ ወይ?» አላለም። በጥፍሩ ፎቶህን ከሮኬቱ ላይ ላጠው፤ ሰው እንዳያነሳው። ቀጥሎ የነጋዴውን ስም በጭቃ ለቀለቀው። ከዚያ ነው ላሚቱን ያየው። «ተመስገን፣ ከብት ናት። ሰው ቢሆን ኖሮስ?» አለ። አደ ጫልቱ አማርኛ በደንብ ይሰማሉ። ወተቱን መሬት አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በሳምንቱ የክለቡ ሪፖርት በቴሌግራም ወጣ። «ሙከራው የተሳካ ነበር። በአንድ የፓራሹት ስፌት መተርተር ምክንያት ብቻ አነስተኛ የማረፍ ችግር አጋጥሟል» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደሬ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሰፍቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰዎች፣ «አይዞሽ፣ ሐዘን ላይ ሆነሽ ነው የሰፋሽው» እያሉ ትከሻዬን ይደባብሱኝ ጀመር። የሰው ማዘን እንዲህ እንደሚቀፍ አላውቅም ነበር።

ሜሮን በማዳበሪያ ጠቅልላ ፓራሹቱን አመጣችልኝ። ሊያቃጥሉት ሲሉ ደብቃ ነው ያወጣችው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ናይለኑ በእሳት ተበሳስቶ፣ ቀልጦ፣ እጥፋቱ እንደተጣበቀ ደርቋል። ስፌቱን አንድ በአንድ በጣቴ ተከተልኩት። አንድም ክር አልተፈታም። ጨርቁ በቀለጠበት ቦታ እንኳ ክሩ ብቻውን ቆሟል። ሜሮን ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ «ዓርብ ዕለት በሩ ላይ መቆም ነበረብኝ» አለች። እኔም ነበረብኝ አልኳት።

በነጋታው ማዳበሪያውን ተሸክሜ ካራ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ኦቦ ገመቹ ወጣሁ። ፓራሹቱን ዘርግቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርቁን፣ ባነሩን፣ አይቼ ዝም ማለቴን። በእግራቸው ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። ቀጥሎ የተናገሩትን ከዚያ ቀን ጀምሮ እየተሸከምኩት ነው።

«ደረጀም እኮ አንድ ጊዜ ክምሬን አቃጥሎብኛል» አሉ።

ምን ማለትዎ ነው አልኳቸው። የዛሬ ስድስት ዓመት አንዷ ሮኬትህ እሳቷ ሳይጠፋ ወድቃ የገብስ ክምራቸውን በላችው። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው የታወቀው። አንተ በነጋታው ብቻህን መጥተህ አልቅሰሃል፤ አንድ ወር ሙሉ በየቅዳሜው እየመጣህ ከእሳቸው ጋር የቀረውን ስንዴ ስታጭድ፣ ስትወቃ ከርመሃል። ይህን ሲሉ ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር።

«መጨረሻ ላይ ግን» አሉኝ፣ «ይሄ ነገር ከአንተና ከእኔ እንዳይወጣ፣ ወረዳው ከሰማ ክለቡን ይዘጋብኛል ብሎ ለመነኝ። ስለምወደው እሺ አልኩ። አሁን ሳስበው ደግ አልሠራንም። ያኔ ብንናገር ኖሮ ከላሚቱ በፊት አንድ ሰው ይጠይቅ ነበር።»

ከካራ እስከ ኮተቤ ታክሲ አልያዝኩም፣ በእግሬ ነው የወረድኩት። ለእኔ ምን ብለኸኝ ነበር በነዚያ ቅዳሜዎች? «ሞተር ስንፈትን ዋልን» ነበር ያልከኝ። እጅህ ሲላላጥ ቅባት የቀባሁልህ እኔ ነኝ። ናሆምስ ያውቅ ነበር? ያውቅ ነበር። ሮኬቷን ከክምሩ አመድ ውስጥ ያወጣት እሱ እንደነበረ ኦቦ ገመቹ ነግረውኛል። መደበቅን ከየት ተማረ እያልኩ ስናደድ ከርሜ ነበር፤ ለካ ከእኛው ቤት ኖሯል። ያን ዕለት አንተንም ተጸየፍኩህ። ፎቶህን ከግድግዳው አውርጄ ሦስት ቀን በፊቱ ደፍቼው ነበር። እውነቱን ነው የምጽፍልህ።

በአራተኛው ቀን ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ሄድኩ። ፓራሹቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁ። የላሚቱን ነገርኳቸው፤ የክምሩንም ጨመርኩ። ኦቦ ገመቹን አስፈቅጄ ነው። ሜሮንም አብራኝ ገብታ ስሟን ጽፋ ፈረመች።

ናሆም በማግስቱ ጠዋት መጣ። አልተቀመጠም።

«የጋሼን ስም በገዛ እጅዎ አጠፉት፣ እትዬ። ክምሩን ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም» አልኩት።

«ለምን ታዲያ?»

«የአንተን ብቻ ተናግሬ የእሱን ብደብቅ ከአንተ በምን እሻላለሁ?»

በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ፣ «ሁሉንም ያደረግሁት ለእሱ ብዬ ነው» አለኝ። የሚያሳዝነው ይህን ሲል የምሩን ነበር። እሱም እንዳንተ ክለቡ እንዳይዘጋ ነው የፈራው። ልዩነታችሁ አንተ ማጭድ ይዘህ መሄድህ፣ እሱ ፎቶ መላጡ ነው። ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ ግን እኔ አስበው እንደነበረው ያህል ትልቅም አልነበረም። ለቁርስ ተቀመጥ አላልኩትም። ሳይጋበዝ ከቤቴ የወጣ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

ፈቃዱ ታገደ። ክለቡ ላሚቱን እንዲተካ ተደርጎ ተካ። በረቱን ግን የጠገኑት ሜሮንና ሦስት ጓደኞቿ ናቸው፤ ቆርቆሮውን በራሳቸው ጫንቃ አወጡት። ሪፖርቱ እስካሁን አልታረመም። ናሆም አሁን ሌላ ቦታ ይሠራል፣ ክለቡን «የሴት ወሬ አፈረሰው» ይላል አሉ።

ከፋሲካ በኋላ ሜሮን መጣችና እንደገና በትንሹ እንጀምር አለችኝ። «መጀመሪያ ኦቦ ገመቹን ጠይቂ፤ እሺ ካሉሽ እሰፋለሁ» አልኳት። ሄዳ ጠየቀቻቸው። በፍቅር ተቀብለው፣ እርጎ አጠጥተው፣ «አይሆንም፣ ልጄ» አሏት። አልተከራከረችም። ሌላ ሜዳ እየፈለገች ነው፤ እያንዳንዱን ቤት እያንኳኳች። ካገኘች ታስታውቀኛለች፤ ካላገኘችም ይቅር።

ሰርቪስ ቤቱን ራሴ አጠብኩት። የሙጫው ሽታ ግን ከግድግዳው አልወጣም። ስገባ አንዳንዴ ትናፍቀኛለህ፣ አንዳንዴ ያቅለሸልሸኛል፤ የትኛው እንደሚመጣ በሩን ሳልከፍት አላውቅም።

ሁለተኛ ሙት ዓመትህ ሲደርስ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ቅን ነበር፣ ደግ ነበር፣ ለሰው አሳቢ ነበር ይላሉ። እውነት ነው፣ አልቃወምም። ሲጨርሱ ግን እኔ ተነስቼ የክምሩን እነግራቸዋለሁ፤ ያጨድክላቸውንም፣ ዝም በሉልኝ ያልክበትንም። የእኔንም የዓርብ ዝምታ እጨምርበታለሁ። ንጹሕ አድርጌ ላስታውስህ አልችልም ደሬ። ቃል የምገባልህ ሌላ ነው፤ አንዲት ነገር ሳልደብቅ፣ ከነጥፋትህ፣ እስክሞት አስታውስሃለሁ። ንዴቴ አልበረደም። አንተ ግን ባሌ ነህ።

ሰናይት
ኮተቤ